ድርስ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ለሰኔ ሒሳብ መዝጊያ ቢሮ ተመለሺ ተብያለሁ

የሆጤዋ | ሰኔ 8፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ሠላሳ ሦስተኛ ሳምንቴ ላይ ደርሻለሁ፤ የመውለጃ ቀኔ ሐምሌ 26 ነው ተብያለሁ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ትንሽ ደም ታይቶኝ ሐኪሙ ሁለት ሳምንት እረፍት ጻፈልኝ። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጃችን ደግ ነበር። ላፕቶፑን በሹፌር ቤቴ ድረስ ላከልኝ፤ ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅም "ለጊዜው ከቤትሽ ሥሪ" አለኝ። መብራት ሲኖር እየሠራሁ፣ ሲጠፋ እየተኛሁ፣ ደረሰኞቹን ባለቤቴ በፌስታል እያመላለሰ እስከ ዛሬ ደረስን።

ባለፈው ዓርብ ግን ደብዳቤ መጣ። ከሰኔ 10 ጀምሮ በመደበኛ የሥራ ቦታሽ ተገኚ ይላል፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው። በቃል ደግሞ ሦስት ነገር ተጨመረበት። ሒሳቡ እስኪዘጋ ማታ እስከ 2 ሰዓት እንቆያለን። ሰኔ 28 እና 29 ኮምቦልቻ ወርጄ የመጋዘኑን ዕቃ ቆጠራ እመራለሁ። የወሊድ ፈቃዴን ከሐምሌ 15 በፊት አልጀምርም።

ቢሮአችን ፒያሳ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለውም። ደረጃው 52 ነው፤ የመጀመሪያ ልጄን ባረገዝኩ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። መጸዳጃ ቤቱ ከታች ግቢው ውስጥ ነው። ቁልፉ ዘበኛው እጅ ነው፤ ዘበኛው ደግሞ አንዳንዴ ሶላት ላይ ነው፣ አንዳንዴ ሻይ ቤት።

"እምቢ በይ" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ችግሩ መመለሱን እኔም እፈልገዋለሁ። እኔ በሌለሁበት አንድ ወጣት ልጅ ተቀጥሮ በወንበሬ ተቀምጧል፤ ጎበዝ ነው ይሉታል። የአሥራ አንድ ወር ሒሳብ ሠርቼ አሥራ ሁለተኛውን ሌላ ሰው ሲዘጋው ማየት፣ ቤት ሠርቼ ቆርቆሮውን ጎረቤት ሲመታው እንደማየት ሆነብኝ። ቤት ውስጥ ደግሞ አማቴ አሉ። በጣም ደግ ናቸው፤ ግን በቀን ስድስት ጊዜ አጥሚት ያቀርባሉ።

ስለዚህ ምክራችሁን የምፈልገው በዚህ ነው፦ ከተመለስኩ ምኑን እሺ ልበል፣ ምኑን እምቢ?

የኮምቦልቻው ሹፌር | ሰኔ 8፣ ማታ 3፡32

ስለ አዋጅም ስለ እርግዝናም አላውቅም፤ የማውቀው መንገዱን ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ ነገር ግን ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርጃለሽ፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ አንቺም ታውቂዋለሽ። ክረምቱ ሲገባ ጉሙ ሲወርድ ከፊቴ የሚሄደውን የጭነት መኪና መብራቱን እንጂ መኪናውን አላየውም። አምና አንዲት ነፍሰ ጡር ጭኜ ስታስመልስ ሦስት ጊዜ አቆምኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ያጉረመረመው በእኔ ላይ ነበር፤ "ቀስ ብለህ አትነዳም?" እያለ። የግድ የምትወርጂ ከሆነ የጋቢና ወንበር ያዢ፣ ባዶ ሆድሽን አትሳፈሪ። ግን ባትወርጂ ይሻላል።

የሰው ሀብት ሠራተኛ | ሰኔ 8፣ ማታ 4፡05

እህቴ፣ በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የጻፍኩበት ጊዜም አለ፣ አልደብቅም። የግል ድርጅት ስለሆነ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 87 እና 88ን አንብቢ፤ ሁለቱም አጫጭር ናቸው።

መጀመሪያ የማትወጂውን ልንገርሽ። ከቤት ሆኖ መሥራት በስምምነት የተገኘ እንጂ በአዋጁ የተሰጠ መብት አይደለም። ስለዚህ "ወደ ቢሮ ተመለሺ" ማለቱ ብቻውን ሕግ መጣስ አይደለም። ሐኪምሽ እረፍት ያስፈልጋታል ብሎ ከጻፈ ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጥሻል።

በቃል የተጨመሩት ሦስቱ ግን ሦስቱም አይሆኑም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን የትርፍ ሰዓት ሥራ ማሠራት ክልክል ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም እንደዚሁ። ከቋሚ የሥራ ቦታዋ ውጪ እንድትሠራ መመደብም ክልክል ነው። ቋሚ ቦታሽ ደሴ ከሆነ የኮምቦልቻው ቆጠራ እዚያው ላይ አበቃ። በሦስተኛ ደረጃ፣ ከመውለጃሽ ቀን በፊት ያለው 30 ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ ያንቺ ነው። ሐምሌ 26 ከተባለ ፈቃድሽ ሰኔ 26 ይጀምራል። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሐምሌ 15 የመግፋት ሥልጣን የለውም።

ሰኔ 26 ማለት ከሰኔ 30 በፊት ማለት ነው። ሒሳቡን አንቺ አትዘጊውም። ይህ እንደሚያምሽ ከጽሑፍሽ ገብቶኛል።

ስለ ወንበርሽ ስጋት፦ በእርግዝናሽ ጊዜና ከወለድሽ በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ፣ ከእርግዝናው ጋር የማይገናኝ በሕግ የተዘረዘረ ምክንያት ከሌለ በስተቀር፣ ውልሽን ማቋረጥ አይችሉም። ሕጉ ሥራሽን ይጠብቅልሻል፤ ወንበሩን ግን መልሰሽ የምትይዢው ራስሽ ነሽ።

ነጋዴው ከሐርቡ | ሰኔ 8፣ ማታ 4፡40

ሁላችሁም ሠራተኛ ስለሆናችሁ አንድ ቃል ከአሠሪ ወገን ልናገር። ሦስት ሠራተኛ አሉኝ። አንዷ ወለደች፤ የአራት ወር ደመወዝ ከኪሴ ከፈልኩ፣ በእሷ ቦታ የገባውንም ከፈልኩ። መንግሥት አዋጁን ሲያወጣ የሚከፍለው እኔ ነኝ። ከዚህ ቀደም ከወሊድ በኋላ 60 ቀን የነበረው 90 ሆነ። መልካም ነው፤ ግን እኛንም አስቡን። ደግሞስ እናቶቻችን እርሻ ላይ ሆነው ምጥ እስኪይዛቸው ይሠሩ አልነበረም ወይ? ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁጥር መጻፍ ይህን ያህል ምን ያከብዳል?

የተሁለደሬ ልጅ | ሰኔ 8፣ ማታ 5፡02

እናቴ ምጥ እስኪይዛት ሠርታለች፤ እውነትህን ነው። ሦስተኛ ልጇን የወለደችው ከወንዝ ውኃ ቀድታ ስትመለስ፣ እንስራዋን ከመንገድ ዳር አሳርፋ ነው። እንስራው አልተሰበረም፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ እየሳቀ ያወራዋል። ከስምንት የወለደቻቸው አምስታችን መቅረታችንን ግን ማንም አያወራም። እናትህን ጠይቅ፤ ስንት እንደወለደች ሳይሆን ስንት እንደቀበረች።

ነጋዴው ከሐርቡ | ሰኔ 8፣ ማታ 5፡20

ሁለት። በክፋት አልተናገርኩም። ስለ ክፍያው ያልኩት ግን እንዳለ ነው።

የሰው ሀብት ሠራተኛ | ሰኔ 8፣ ማታ 5፡26

ስለ ክፍያው እስማማለሁ። ወጪውን አሠሪው ብቻውን መሸከሙ ትንንሽ ድርጅቶች ሴት መቅጠርን እንዲፈሩ ያደርጋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ዕዳውን ግን ሠላሳ ሦስተኛ ሳምንቷ ላይ ያለች ሴት በ52 ደረጃ ላይ አትከፍለውም።

አዋላጅ ነርስ፣ ወልድያ | ሰኔ 9፣ ጠዋት 1፡15

ከአዳር ሥራ ወጥቼ ነው የማነብባችሁ፤ ቁጣዬን ይቅር በሉኝ። ሁሉም ስለ ሐረጎና ስለ አንቀጽ ሲከራከር፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ አንድ ሰው እንኳ አልተናገረም!

የሆጤዋ፣ በመጀመሪያ ግንቦት ላይ የታየሽ ደም ከየት ነበር ተባለ? እንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዶ ከነበረ አሁን ከፍ ማለቱ በአልትራሳውንድ ታይቷል? እሱን ሳታውቂ ቢሮም ኮምቦልቻም አትበይ። ከፍ ብሏል ካለሽ ሐኪም "ቀላል ሥራ መሥራት ትችላለች" የሚል ወረቀት በጽሑፍ ያዢ።

ወደ ቁልፉ ልመለስ። መጸዳጃ ቤት የራቃት ነፍሰ ጡር ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ ውኃ መጠጣት ትተዋለች። ሽንቷንም ትይዛለች። በእርግዝና ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን በቀላሉ ይመጣል፤ ካልታከመም ያለጊዜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል። ለእኔ ከ52ቱ ደረጃ በላይ የሚያሳስበኝ ዘበኛው ሻይ ቤት መሄዱ ነው። ቁልፉን አስቀርጪ።

አቀማመጥሽን በተመለከተ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳትነሺ አትቀመጪ። እግርሽን ዱካ ላይ ወይም የወረቀት ካርቶን ላይ ከፍ አድርጊው። ማታ እግር ማበጥ የተለመደ ነው። ፊትና እጅ በድንገት ካበጠ፣ ራስ ምታቱ አልለቅ ካለ፣ ዓይን ብዥ ካለ፣ ከጎድን በታች ካመመሽ ግን የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ተለኪ። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀልድ የለም። ደም፣ የውኃ መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ሲኖር ደግሞ ሳትዘገዪ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። ቢሮ ሥራ ይዞሽ ልጁ ሲንቀሳቀስ ልብ አላልሽ ከሆነ፣ ምሳ በልተሽ በግራ ጎንሽ ጋደም በይና ቁጠሪ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥር ጊዜ ካልሞላ ተነሽና ሂጂ።

የሆጤዋ | ሰኔ 9፣ ጠዋት 3፡40

አዋላጅዋ፣ ስለ ውኃው እንዴት አወቅሽብኝ? በመጀመሪያ እርግዝናዬ ጠዋት ቤት አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ እስከ 11 ሰዓት አልደግምም ነበር። እንግዴ ልጁ ወርዶ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ሲታይ ከፍ ብሏል። ወረቀቱን ዛሬ አስጽፋለሁ።

ሰኔ 26 ስለመሆኑ ግን ልቤ እሺ አላለኝም። ሠላሳውን ቀን ሠርቼበት ከወሊድ በኋላ ከልጄ ጋር ብጠቀምበትስ? 120 ቀን ከልጅ ጋር መሆን አይሻልም?

የመርሳዋ | ሰኔ 9፣ ጠዋት 4፡10

እኔን እይኝና ተማሪ። "ሠላሳዋን ላስቀምጥ" ብዬ ምጥ እስከጀመረኝ ቀን ድረስ ሠራሁ። እንዲያውም ምጡ የጀመረኝ ማኅተም እየመታሁ ነው፤ የመጨረሻው ማኅተም ጠሞ ይታያል። ከወለድኩ በኋላ ሦስት ወር ሲሞላ ተመለሺ ተባልኩ። "ሠላሳ ቀኔስ?" ስል "እሱ የቅድመ ወሊድ ነበር፤ ልጁ ተወልዷል" ተባልኩ። ማንን ልክሰስ? ሥሪ ያለኝ ሰው አልነበረም።

የሰው ሀብት ሠራተኛ | ሰኔ 9፣ ጠዋት 4፡31

የመርሳዋ ያለችው ትክክል ነው። አንቀጽ 88 ሁለቱን ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው። ሠላሳው ቀን ሳያልቅ ከወለድሽ ዘጠናው ከዚያው ይጀምራል። ሠላሳው አልቆ ካልወለድሽ ደግሞ እስክትወልጂ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ አለሽ። አንዳንድ አሠሪ በበጎ ፈቃዱ ቀኑን ወደ ኋላ ያሸጋግራል፤ እሱም ካለ በጽሑፍ መሆን አለበት። ከልጅሽ ጋር ቀን ለመጨመር ከፈለግሽ ያልተጠቀምሽበትን የዓመት እረፍትሽን ከዘጠናው ቀጥሎ ጠይቂ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሌላ አዋጅ ስላላችሁ ይህን ለራሳችሁ አትውሰዱት።

ሒሳብ ሹም | ሰኔ 9፣ ቀትር 6፡50

ሙያ ለሙያ እናውራ። አለቃሽን ያስጨነቀው ምንድን ነው? ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ከሆናችሁ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ካለቀ በኋላ ግብሩን ለማስታወቅ አራት ወር አላችሁ፤ እስከ ጥቅምት 30 ማለት ነው። ሐምሌ 15 የራሱ ቀን እንጂ የገቢዎች ቀን አይደለም።

ቆጠራውን አንቺ ምሪ ማለቱ ደግሞ በሙያውም ስሕተት ነው። መዝገብ የያዘ ሰው ራሱ ዕቃ ቆጣሪ ከሆነ ኦዲተሩ ቅር ይለዋል። ከሽያጭ አንድ፣ ከግዢ አንድ ወርደው ይቁጠሩ፤ የቆጠራ ወረቀቱን ፈርመው ፎቶውን ይላኩ። ይህን ስትነግሪው "ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ" አትበይ፤ "ለቁጥጥር የሚበጀው ይህ ስለሆነ" በይ። ከአንቀጽ 87 ይልቅ ይህኛው ይገባዋል።

በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ቢሮ መገኘትን የግድ የሚለው ምኑ ነው? የወረቀት ሰነዶቹን ማመሳከርና ማስረከብ ብቻ ይመስለኛል። የባንክ ማስታረቁን፣ የእርጅና ተቀናሹን ስሌት፣ የተሰብሳቢ ሒሳቡን ዝርዝር ከአልጋሽ ላይ ሆነሽም ትሠሪዋለሽ። ወጣቱንም ጠላት አታድርጊው። ሒሳብሽን የሚያበላሽብሽ ያላስተማርሽው ሰው ነው።

ከደሴ፣ በ2014 የወለደች | ሰኔ 9፣ ማታ 2፡15

እኔም ድርስ ነፍሰ ጡር ሆኜ ቢሮ ተመልሻለሁ፤ ቢሮው ግን አልጠበቀኝም።

በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የሰባት ወር ተኩል ነበርኩ። አንድ ጋቢና የክትትል ካርዴን ይዤ ወጣሁ። ጥቂቱን በእግር፣ ጥቂቱን በጭነት መኪና ላይ ሆኜ ደብረ ብርሃን ደረስኩ። ኅዳር መጨረሻ ከተማው ነጻ ሲሆን ሰው መመለስ ጀመረ፤ እኔም ታኅሣሥ ላይ ቀኔ ደርሶ ተመለስኩ። "ሠራተኛ ሁሉ ሪፖርት ያድርግ" ተብሎ ነበርና ሄድኩ። በሩ የለም። ኮምፒውተሮቹ የሉም፤ ገመዶቻቸው ግን ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። ፋይሎቹ ወለሉ ላይ ተነጥፈዋል፤ የምረግጠው የራሴን ፊርማ ነበር። የሚቀመጡበት ወንበር ስላልነበረ የክፍላችን ኃላፊ ከመንገድ ሁለት ብሎኬት ተሸክመው አመጡ፤ ኮታቸውን አውልቀው አነጠፉበትና "አንቺ ተቀመጪ፣ እኛ ወረቀት እንለቅማለን" አሉኝ። እሳቸው የልብ ሕመምተኛ ነበሩ።

ከሦስት ቀን በኋላ ወለድኩ። ይህን የምጽፈው "እኔ ያን ችዬ አንቺ ይህን አትችዪም ወይ" ለማለት አይደለም፤ እንደዚያ የሚሉ ሰዎች ያበሳጩኛል። የጻፍኩት ስለ ብሎኬቱ ነው። ምንም በሌለበት እንኳ ለነፍሰ ጡር መቀመጫ ይገኛል። ምንም ባልጠፋበት ቢሮ ቁልፍ አይገኝም ብሎ ነገር አይገባኝም።

እናት ከሐይቅ | ሰኔ 9፣ ማታ 3፡00

ልጄ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ እኔ እናገራለሁ እሱ ይጽፋል። አብሽሪ። ሁለተኛ ልጅ ይቸኩላል፤ እንደ መጀመሪያው ሌሊቱን ሙሉ አያመላልስሽም። ስለዚህ የልጁን ልብስና ያንቺን ነጠላ ጫማ በሁለት ዘንቢል አድርገሽ አንዱን ቤት፣ አንዱን ቢሮ አስቀምጪ። ከጎንሽ የምትቀመጠው ልጅ የባልሽን ስልክ ትያዝ፤ የአምቡላንሱንም 907ን።

ምሳሽን ከቤት ያዢ። የሆቴል ወጥ በርበሬው ብዙ ነው፣ ቃር ያስነሳብሻል። አማትሽን አታማርሪ፤ አጥሚቱን በፔርሙስ አድርገው ይስጡሽ፣ ቢሮ ሆነሽ ጠጪው። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ አንቺም ከስድስቱ ወደ ሁለት ወረድሽ።

እኛ እዚህ ከዝሁር በኋላ ቡና ስናፈላ ዱዓ እናደርግልሻለን። ጎረቤቴ ወለተ ማርያምም "ማርያም ትቅረብሽ" ብላሻለች፤ ጻፍልኝ ብላ አጠገቤ ተቀምጣለች።

የሆጤዋ | ሰኔ 17፣ ማታ 2፡45

የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ሁላችሁንም አነበብኩ።

ሰኔ 10 ተመለስኩ። የሐኪሙን ወረቀት አስቀድሜ ሰጠሁት፤ ስለ ቆጠራው ሒሳብ ሹሙ እንዳለው "ለቁጥጥር የሚበጀው" ብዬ ጀመርኩ። ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ፣ ተስማማ። ስለ ማታው ሥራና ስለ ሰኔ 26 ስነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ። "እህቴ ብትሆኚ ኖሮ…" ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን የት እንደሚወስደው ጠፋበት። ስልኩን አውጥቶ አንቀጽ 87ን እዚያው አነበበ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበበው። ከዚያ "ይህ አዋጅ መቼ ነው የወጣው?" አለኝ። "በ2011" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሠራተኞች ቢሮአችን ውስጥ ወልደዋል፤ እሱም ያሰበው እነሱን መሰለኝ፣ ዝም አለ።

ፎቁን ማንም አያሳጥረውም፤ ግን ምድር ቤት ያለው የዕቃ ክፍል ተጠርጎ ጠረጴዛ ገባልኝ። መስኮቱ ትንሽ ነው፣ የካርቶን ሽታ አለው፤ የሰኔ ብርድ ስለሚገባ በጋቢ ነው የምሠራው። ሆዴ ከመሳቢያው ጋር ስለሚጋጭ መሳቢያውን አስወጥቼ ኪቦርዱን በቦታው አስገባሁት። ቁልፉ ተቀርጿል። ዘበኛው ጋሼ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ሥልጣን የተቀሙ መሰላቸው። አሁን ግን ስገባ ስወጣ "ውኃ ጠጣሽ?" ይሉኛል።

ወጣቱ ልጅ እንዳሉት ጎበዝ ነው፤ እንዲያውም ያናደደኝ ጎበዝ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን በየካቲት የሠራሁትን አንድ ስሕተት አገኘብኝ፤ የጭነት ክፍያ ሁለት ጊዜ መዝግቤያለሁ። "እትዬ፣ ይህ ምናልባት እኔ ሳልረዳው ቀርቼ ይሆን?" ብሎ በትሕትና አቀረበልኝ። ደብተሩን ዘግቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ወንበሩን ጎተትኩና የተሰብሳቢ ሒሳቡን ከሥሩ ጀምሬ አስተማርኩት።

አንድ የሚያስፈራ ነገርም ነበር። ትናንት ጠዋት ቀለበቴ አልወጣ አለ፤ ጭንቅላቴን ከዓይኔ በላይ ያዘኝ። አማቴ "ብርድ ነው" አሉ፤ ጋቢ ሊደርቡልኝ። የአዋላጅዋ ጽሑፍ ትዝ አለኝና ጤና ጣቢያ ሄድኩ። 135 በ85፤ ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን የለም። "በሦስተኛው ቀን ተመለሺ" ተባልኩ። ሥራ አስኪያጁ ጋ ደውዬ ሦስቱን ቀን ከቤት እሠራለሁ አልኩት፤ "ሥሪ" አለኝ፤ ምክንያቱን እንኳ አልጠየቀም።

አዋላጅ ነርስ፣ ወልድያ | ሰኔ 17፣ ማታ 4፡20

"ብርድ ነው" ስንት ሰው እንደወሰደ! መለካትሽ በጣም ጥሩ ነው። 135 እስከ ሐምሌ 26 ድረስ 135 ሆኖ ላይቆይ ስለሚችል በሦስተኛው ቀን ሳትቀሪ ሂጂ። ቀለበቱን ደግሞ አሁኑኑ በሳሙና አውጪና ለባለቤትሽ ስጪው። እኛ ዘንድ በመጋዝ የምንቆርጠው ስንቱን መሰለሽ።

አባወራ | ሰኔ 18፣ ጠዋት 2፡30

እኔም ባለቤቴ ልትወልድ ስለሆነ ነው የምከታተላችሁ። ለአባት ስንት ቀን ነው የሚሰጠው?

የሰው ሀብት ሠራተኛ | ሰኔ 18፣ ጠዋት 2፡41

በዚሁ አዋጅ፣ ከደመወዝ ጋር ሦስት ተከታታይ ቀን።

አባወራ | ሰኔ 18፣ ጠዋት 2፡43

ሦስት?

የመርሳዋ | ሰኔ 18፣ ጠዋት 2፡50

አንዱን ቀን ለገንፎው፣ አንዱን ለእንግዳው፣ አንዱን ለእንቅልፍህ አድርገው።

የሆጤዋ | ሐምሌ 24፣ ቀትር 6፡15

ሐምሌ 19 ሌሊት ሴት ልጅ ተገላገልኩ፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። እናት ከሐይቅ እንዳሉት ቸኩላለች፤ ከቤት ከወጣን ሁለት ሰዓት አልሞላም። ግፊቴ ከዚያ ወዲህ አልጨመረም። ዘንቢሉ ቢሮ ቀርቶ ነበርና ጋሼ ዘበኛው በማግስቱ በባጃጅ አመጡልኝ።

ቆጠራውን ሽያጭና ግዢ ወርደው ሠሩት። ሒሳቡን ልጁ ዘጋው። ሐምሌ 13 ላይ በፎቶ ላከልኝ፤ እኔም ተኝቼ አንድ በአንድ አየሁት። ስሕተት ፈለግኩ፤ አላገኘሁም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፦ መቼ ነው የምመለሰው? ከሠላሳው ቀን ሳልጠቀምበት የቀረ አለ ወይ?

የሰው ሀብት ሠራተኛ | ሐምሌ 24፣ ከሰዓት 8፡05

እንኳን በሰላም ተገላገልሽ! የቀረው የሠላሳው ቀን አልፏል፤ ዘጠናው ከሐምሌ 19 ይቆጠራል። ሐምሌ 12 ቀን፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜ 5፣ መስከረም 30፣ ጥቅምት 13። ጥቅምት 14 ሥራ ትገቢያለሽ፤ የዓመት እረፍት ካልጨመርሽ በስተቀር።

የመርሳዋ | ሐምሌ 24፣ ከሰዓት 8፡20

ጳጉሜ ትቆጠራለች? ደመወዝ ሲሆን ጳጉሜ የለችም ይሉናል፤ ፈቃድ ሲሆን ከየት መጣች?

የሰው ሀብት ሠራተኛ | ሐምሌ 24፣ ከሰዓት 8፡26

ተከታታይ ቀን ስለሚል ትቆጠራለች። እኔ አይደለሁም ቀን መቁጠሪያውን የሠራሁት።

ሒሳብ ሹም | ሐምሌ 24፣ ከሰዓት 8፡44

ጥቅምት 14 ማለት ግብር ለማስታወቅ አሥራ ስድስት ቀን ሲቀር ማለት ነው። አለቃሽ ይህን አስልቶታል?

የሆጤዋ | ሐምሌ 24፣ ማታ 1፡30

ልጁን ደውዬ ጠየቅኩት። ሥራ አስኪያጁ ግድግዳው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ጥቅምት 14ን በቀይ አክብቦበታል አለኝ። የዓመት እረፍት መጠየቂያውን አሁን እየጻፍኩ ነው፤ በአንድ እጄ ስለሆነ ስሕተት ካለው እዩልኝ።